ወጥመዱ አጎበር
ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ የአኖፌለስ ትንኝ መሆኗን፣ በአብዛኛውም ከምሽት እስከ ንጋት እንደምትነክስ ትምህርት ቤት ስለተማርነው እዚያ ላይ አልቆይም። አጎበር ምን እንደሚመስልም ቆላ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የማይታወቀው አሠራሩ ነው። ብዙው ሰው ትንኝ እንዳትገባ የሚጋርድ ስስ ጨርቅ አድርጎ ስለሚያየው፣ ትንሽ ሲቀደድ ጭድ ይሸከምበታል፤ ወይም ገምዶ በግ ያስርበታል። በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው፤ አጎበር ትንኝን የሚገድል ወጥመድ ነውና።

የሚገድላት አጎበሩ የያዘው ፀረ ተባይ ፓይሬትሮይድ ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ነው። በአንዳንዱ አጎበር ክሩ ሲሠራ ከፕላስቲኩ ጋር ይቀላቀላል፣ በሌላው ደግሞ ክሩ ላይ ይቀባል። ትንኟ ስታርፍበት መድኃኒቱ በእግሯ በኩል ይገባና ነርቮቿን ያለ እረፍት ያስጮኻቸዋል። መብረር ያቅታታል፤ ትወድቃለች።

ወጥመድ ደግሞ ያለ ማማለያ አይሠራም። እዚህ ማማለያው የተኛው ሰው ነው። የሊቨርፑል ተመራማሪዎች በጨለማ በሚያይ ካሜራ የትንኞችን በረራ ተከታትለው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ውስጡ ሰው ሲተኛ ትንኞቹ በብዛት የሚሰበሰቡት በአጎበሩ ጣሪያ ላይ፣ ከሰውየው ደረትና ሆድ በላይ ባለው በኩል ነበር። የሰውነታችን ሙቀትና ጠረን ወደ ላይ ስለሚወጣ እሱን ተከትለው ይመጣሉ። ጣሪያውን ደጋግመው ይነካሉ፣ መግቢያ ይፈልጋሉ። መድኃኒት በተነከረው አጎበር ላይ ግን ፍለጋው ብዙ አልቆየም፤ አጭር ንክኪ በቂ ነበር፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ። እንግዲህ ቀዳዳ ፍለጋ በክሩ ላይ የምትመላለስ ትንኝ መርዙ ላይ እየተራመደች ነው ማለት ነው። ትንሽ ቀዳዳ አጎበሩን ከንቱ የማያደርገው ለዚህ ነው። ቀዳዳው በመርፌ ይሰፋ፣ አጎበሩ ግን አይጣል።

ጥቅሙ ለባለቤቱ ብቻም አይደለም። በምዕራብ ኬንያ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ አጎበር ከታደለባቸው መንደሮች እስከ 300 ሜትር ድረስ ያሉ አጎበር የሌላቸው ቤቶችም ተጠቅመዋል። ትንኞቹ ሞተዋላ! በአጎበር የሚተኛ ሰው ለጎረቤቱ ልጅም ይተርፋል።

አርባ ምንጭ አካባቢ ያሳደሩኝ አንዲት እናት አጎበሩን ከነላስቲኩ አልጋ ሥር አስቀምጠውት ነበር። «ለእንግዳ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። «እማማ፣ እንግዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ከእርስዎና ከልጅ ልጆችዎ አልጋ በላይ ይሰቀል» አልኳቸው። ያን ማታ ምስማር ተፈልጎ ተሰቀለ። በማግስቱ እዚያው ሰፈር ሌላ አጎበር በረኪና በገባበት ውኃ ታጥቦ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲመታው አየሁ። ይህ መድኃኒቱን መግደል ነው። አጎበር በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ደረጃውን የጠበቀ አጎበር ወደ 20 እጥበትና ሦስት ዓመት አገልግሎት እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ በየሳምንቱ ማጠብ ዕድሜውን መጨረስ ነው።

ትንኞች ፓይሬትሮይድን እየተላመዱት መምጣታቸው እውነት ነው። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክሎርፌናፒር የተጨመረበትን ባለ ሁለት መድኃኒት አጎበር ደግፎ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ደግሞ በከተማ በርሜልና የውኃ ታንከር ውስጥ ስለምትራባ፣ ወባን የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ አድርገው ለሚያዩ የከተማ ሰዎችም ነገሩ ይመለከታቸዋል።

አጎበር ቤታችሁ ካለ ዛሬ ማታ ስቀሉት፤ ጠርዙንም ከፍራሹ ሥር አስገቡት። የውኃ በርሜላችሁንም ክደኑ።