በኮምፒዩተር የሚጻፈውን መዝገብ ስለ መጠበቅ

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እያሉ አባቶች ያስተማሩት ቃል የጽሑፍን ታላቅነት የሚያስረዳ ነው። ነገር ግን ጽሑፍ ይወረስ ዘንድ ወራሹ እስኪደርስ ድረስ መቆየት አለበት። ብራናን እርጥበትና አይጥ ያበላሹታል፤ ወረቀትን ምስጥና እሳት ያጠፉታል። በዛሬው ዘመን ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ፥ የሒሳቡ መዝገብ፥ የመሬቱ ይዞታ ማኅደርና የሠራተኛው የሥራ ታሪክ በኮምፒዩተር እየተጻፈ ስለሚቀመጥ፥ ይህን አዲስ መዝገብ የሚያጠፋው ምን እንደ ሆነ፥ የሚጠበቅበትም መንገድ የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ለሹሙም ለጸሐፊውም የተገባ ነው።

ብዙ ሰዎች በኮምፒዩተር የገባ ጽሑፍ ሁሉ መሣሪያው ራሱ ስለሚጠብቀው የማይጠፋ ይመስላቸዋል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ኮምፒዩተር የታዘዘውን ሳይታክት የሚፈጽም መሣሪያ ነው፤ ጻፍ ሲሉት ፈጥኖ እንደሚጽፍ፥ ደምስስ ሲሉትም ያንኑ ያህል ፈጥኖ ይደመስሳል፤ አዛዡ ባለቤቱ ይሁን ወይም ሌባ ይሁን በራሱ መርምሮ አያውቅም። ለዚህም ነገር ምስክር የሚሆኑ ታሪኮች በቅርብ ዘመን ተፈጽመዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በዴንማርክ አገር ሜርስክ የሚባል ታላቅ የመርከብ ኩባንያ አለ። በ2009 ዓ.ም. በኮንቴይነር ተጭኖ በባሕር ከሚመላለሰው የዓለም ጭነት አምስተኛው እጅ ያህል የሚጓዘው በዚህ ኩባንያ መርከቦች ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 20 ቀን ኖትፔትያ የሚል ስም የተሰጠው አጥፊ ፕሮግራም ከዩክሬን ተነሥቶ ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ። መነሻውም እንዲህ ነው። በዩክሬን ነጋዴዎች የግብር ሒሳባቸውን የሚያዘጋጁበት አንድ ፕሮግራም ነበረ፤ አጥፊዎቹ ይህን ፕሮግራም ወደሚያድለው ኩባንያ ሰርቨር በስውር ገብተው፥ የሙያው ሰዎች አፕዴት በሚሉት፥ ለደንበኞች በሚላከው ማደሻ ውስጥ መርዙን ቀላቀሉበት። ሜርስክም በዚያ አገር ቅርንጫፍ ስለ ነበረው፥ ጥፋቱ በቅርንጫፉ በኩል ገብቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በየአህጉሩ ያሉትን የኩባንያውን ኮምፒዩተሮች አዳረሰ። በእያንዳንዱም መስኮት ላይ 300 ዶላር ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ታየ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ቢከፈልም የጠፋው የሚመለስ አልነበረም። የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ይህ የሩስያ ጦር ሠራዊት ሥራ ነው ሲሉ ከሰሱ፤ የሩስያ መንግሥት ግን ካደ።

በዚያን ቀን መርከቦቹ አልሰጠሙም፤ ክሬኖቹም አልተሰበሩም። ይሁን እንጂ የትኛው ሣጥን የማን እንደ ሆነ፥ ወዴትስ እንደሚሄድ የሚናገረው መዝገብ ስለ ጠፋ የወደቦቹ በር ተዘጋ፤ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ወደብ የጭነት መኪናዎች በሰልፍ ቆሙ። ከዚህም የምንረዳው የዛሬ መሥሪያ ቤት ሕንፃውና ዕቃው ሳይነካ መዝገቡ ብቻ ቢጠፋ ሥራው ሁሉ የሚቆም መሆኑን ነው።

እጅግ የሚያስደንቀው ግን ከዚህ በኋላ የተገኘው ነገር ነው። ኩባንያው የብዙ ሰርቨሮቹን ግልባጭ፥ ማለት የሙያው ሰዎች ባክአፕ የሚሉትን፥ አስቀምጦ ነበር። ነገር ግን ማን ወደ የትኛው ኮምፒዩተር ሊገባ እንደሚፈቀድለት የሚወስነው ዋናው መዝገብ፥ ያለ እርሱም ሌላው ሁሉ ሊሠራ የማይችለው፥ ለብቻው የተቀመጠ ግልባጭ አልነበረውም። መዝገቡ 150 ያህል በሚሆኑ ሰርቨሮች ተጽፎ፥ እነዚህም ሰርቨሮች ሳያቋርጡ እርስ በርሳቸው ስለሚገለባበጡ፥ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነበር የታሰበው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እነሆ፥ ሁሉም ጠፉ።

ሠራተኞቹ በጭንቀት ዓለምን ሁሉ ሲፈልጉ በመጨረሻ አንድ ብቻ ደኅና ሰርቨር በጋና አገር ተገኘ። የዳነውም በጠባቂዎቹ ብልሃት አልነበረም፤ በጋና መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ሰርቨሩ ከሌሎቹ ጋር ሳይገናኝ በመቅረቱ ነው። የመስመሩ ኃይል ደካማ ሆኖ መዝገቡን በመስመር መላክ ብዙ ቀን የሚፈጅ ስለ ሆነ፥ በአውሮፕላን እንዲወሰድ ተቆረጠ። ከጋና ሠራተኞች መካከል ግን ወደ እንግሊዝ መግቢያ ቪዛ ያለው አልተገኘም፤ ስለዚህ አንዱ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በዚያም በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበውና ይህኛው ወደ ለንደን አደረሰው። የኩባንያው ሊቀ መንበር በጥር 2010 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዳቮስ ጉባኤ ላይ እንደ ተናገሩት፥ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተተክሏል። ኩባንያው ያስታወቀው ኪሣራ ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አንድ ነው። መንትያ ሌላ ነው፥ ግልባጭም ሌላ ነው። ሁለት ቁም ጸሐፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የጻፈውን ሌላው በዚያው ቅጽበት ቢጽፍ፥ ፊተኛው የሳተውን ኋለኛውም ይስተዋል፤ ፊተኛው የፋቀውን ኋለኛውም ይፍቀዋል። እንዲህ ያሉት ጸሐፊዎች 150 ቢሆኑም እንደ አንድ ይቈጠራሉ። እውነተኛ ግልባጭ የሚባለው ተጽፎ ካበቃ በኋላ ተለይቶ፥ የፊተኛው እጅ በማይደርስበት ስፍራ የተቀመጠው ነው።

ይህም ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ትምህርት አይደለም። በግራኝ ጦርነት ዘመን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ጣና ደሴቶች እየተሻገሩ የተሸሸጉት ስለዚሁ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽም በኢትዮጵያና በአሜሪካ በሚኔሶታ ባለው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ስምምነት በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ጀምረው፥ ብዙ ሺህ መጻሕፍት ከተነሡ በኋላ አንዱ ግልባጭ በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛው በሚኔሶታ ተቀምጧል። በኋላ ዘመን በጦርነትም ሆነ በሌብነት ዋናው ቢጠፋ ቃሉ እንዳይጠፋ ይህ መልካም ዋስትና ነው።

አንዳንዶች ኮምፒዩተሩን አዘውትሮ ማደስ ብቻ ይበቃል ይላሉ። ማደስ በእውነት ታላቅ ጥቅም አለው። ማይክሮሶፍት የሚባለው ኩባንያ በመጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. በዊንዶውስ ውስጥ የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ማደሻ አውጥቶ ነበር፤ ይህን ያልተቀበሉት ኮምፒዩተሮች ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ በተባለው ቫይረስ ተያዙ። በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮች ተቈለፉ፤ በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች የ19,000 ያህል በሽተኞች ቀጠሮ እንደ ተሰረዘ የአገሩ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ገምቷል። ማደሻውን ለመቀበል ሁለት ወር ያህል ጊዜ ነበራቸው።

ይሁን እንጂ ከላይ እንደ ተነገረው የኖትፔትያ መነሻ ራሱ መርዝ የተቀላቀለበት ማደሻ ነበረ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ ክፋት ሳይኖርበት ስሕተት ያለበት ማደሻ በመላኩ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ተሰናከሉ፤ በብዙ አገርም አውሮፕላኖች ሳይበሩ ቀሩ። ስለዚህ ማደስን መተው አይገባም፤ በማደስ ብቻ መታመንም አይገባም። ሌላው ጠባቂ ሁሉ ሲወድቅ የመጨረሻው መሸሸጊያ ተለይቶ የተቀመጠው ግልባጭ ነው።

ግልባጭ መኖሩ ብቻ ደግሞ አይበቃም። በለንደን ያለው የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በሌቦች ተመታ። ሌቦቹ ወደ 600,000 ፓውንድ የሚገመት ቤዛ ጠየቁ፤ ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም ባለ ጊዜ የሰረቁትን መረጃ በአደባባይ በተኑት፤ ሰርቨሮቹንም አበላሹ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት የግእዝ መጻሕፍት ብዙዎቹ የሚገኙት በዚሁ ቤት ነው። ብራናዎቹ በመደርደሪያቸው ደኅና ነበሩ፤ ነገር ግን ተመራማሪዎች በሩቅ ሆነው በኮምፒዩተር ያዩት የነበረው ምስል ለረጅም ጊዜ ተሰወረ። ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ዓመት ባወጣው የምርመራ ቃል፥ የዲጂታል ስብስቦቹ ግልባጭ በደኅና ተቀምጦ ሳለ የሚመለስበት ብቁ ሰርቨር በመጥፋቱ ሥራው እንደ ዘገየ ገልጿል። መጽሐፉ አለ፤ የሚዘረጋበት አትሮንስ ግን ጠፋ ማለት ነው።

የአማርኛም ጽሑፍ ከዚህ አደጋ ውጭ አይደለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሥርዓት የገባው በ1992 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በየራሳቸው ሥርዓት በተሠሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ደብዳቤዎች፥ ፕሮግራሙ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ማኅደር ያለው መሥሪያ ቤት የሚያነበው ፕሮግራም ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ ሊያዛውረው ይገባል፤ የማይነበብ ግልባጭ እንዳልተጻፈ ይቈጠራልና።

እንግዲህ የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ በመሥሪያ ቤቱ ካለው መዝገብ ሁሉ፥ ቢጠፋ ዳግመኛ ሊጻፍ የማይችለው የትኛው እንደ ሆነ ተለይቶ ይወሰን። ከዚያም አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ይጠበቅ፤ ይኸውም የመዝገቡ ቅጂ ከዋናው ጋር ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ይጻፍ፤ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ የሚለው ነው። በተንቀሳቃሽ ዲስክ የሚገለበጠው ሥራው እንዳለቀ ዲስኩ ይነቀል፤ ተሰክቶ የሚያድር ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይጠፋልና። የዛሬውን በትናንቱ ላይ መጻፍም አይገባም፤ ስሕተት የሚታወቀው ከብዙ ቀን በኋላ ሊሆን ስለሚችል የቀደሙት ግልባጮች ለጥቂት ወራት ይቈዩ። ፍላሽ ከቤት ወደ ቤት ቫይረስ የሚያዛምት ዕቃ ስለ ሆነ ሳይመረመር አይሰካ፤ ብቸኛ ማስቀመጫም አይሁን።

ግልባጩ የሰውን ምስጢር የያዘ ስለ ሆነ በይለፍ ቃል ይቈለፍ፤ የይለፍ ቃሉንም ኃላፊነት ያለባቸው ሁለት ሰዎች ይወቁት፤ አንዱ ቢታመም ወይም ቢዛወር መዝገቡ ተቈልፎ እንዳይቀር። ከሩቅ በመስመር ለሚገባ ሠራተኛ ከይለፍ ቃል ሌላ በስልክ የሚደርስ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመርበት፤ የእንግሊዝ ቤተ መጻሕፍት ሌቦች የገቡት ይህ ማረጋገጫ ባልነበረው በር እንደሚመስል ምርመራው አመልክቷልና። ከሁሉም በላይ በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ከግልባጩ ጥቂት መዝገብ በሌላ ኮምፒዩተር ተመልሶ ይከፈት፤ ይነበብ፤ ከዋናውም ጋር ይመሳከር። በደብተራና በቁም ጸሐፊ ዘንድ ጽሑፍ ሳይመሳከር አልቋል አይባልም፤ በኮምፒዩተርም ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ የሚፈጽመው የኮምፒዩተር ባለሙያው ቢሆንም የሚያዘው ሹሙ ነው። ግልባጭ የሚያዘጋጀው ሰው በስሙ ካልተመደበ፥ ዲስክ የሚገዛበት ገንዘብ በበጀት ካልተያዘ፥ የተገለበጠበትም ቀን በመዝገብ ተጽፎ በፊርማ ካልተረጋገጠ፥ ሥራው የሁሉም ስለ ሆነ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ብዙ ቤት ግልባጭን የሚያስበው ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው፤ ይህም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ነው።

በመሥሪያ ቤት የተቀመጠ መዝገብ የሹሙ ንብረት አይደለም። አባቷ የተዉላትን መሬት የምታስመሰክር ወላጅ አልባ፥ የዐርባ ዓመት አገልግሎቱን አስቈጥሮ ጡረታውን የሚጠብቅ ሽማግሌ፥ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ አባት፥ ሁሉም መብታቸው ያረፈው በዚያ መዝገብ ነው። ታላቁ የመርከብ ኩባንያ ለጠፋበት መዝገብ የሚከፍለው ሚሊዮን ዶላር ነበረው፤ ከጥፋትም ያዳነው በጋና የጠፋው መብራት ነው። ለድኻው ግን መዝገቡ አንድ ነው፤ አንድ ዓይን ያለውም በአፈር አይጫወትም። ስለዚህ የሕዝብን መዝገብ የተረከበ ሹም የድኻውን መብት በመብራት መጥፋት ዕድል ላይ ሳይጥል፥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግልባጭ ዛሬውኑ ማስጻፍ ግዴታው ነው።