«ጠቢብ» እንዴት ስድብ ሆነ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

«ጠቢብ» በግእዝ ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ባለ ሙያ ማለት ነው። አንጥረኛውንና ቀጥቃጩን የምንጠራበት «ጠይብ» የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። የክብር የነበረው ስም ግን በዘመናት ብዛት ስድብ ሆኗል፤ ሰሚው ሲሰማው የሚታወሰው ጥበብ ሳይሆን «ቡዳ» ነውና።

ይህ ስያሜ ሁለት ጉዳት አድርሷል። አንደኛ፣ ሙያን ዘር አድርጎታል። ብረት መቀጥቀጥ በትምህርት የሚገኝ ሥራ ሲሆን፣ «ቡዳ» ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ስለሚባል መዶሻ ያልጨበጠ ሕፃን እንኳ ስሙን ይሸከማል። ሁለተኛ፣ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚለው ተረት ሰውን በአውሬ መልክ ስሎታል። ሰውን አውሬ አድርጎ የሳለ ሕሊና፣ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቀው ኃጢአት የሠራ አይመስለውም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አስታውሰዋል። ዐዋጁ ቢነገርም ስድቡ ፈጽሞ አልጠፋም።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምረን ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። ባስልኤል ወርቅን፣ ብርንና ናስን ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት (ዘጸ. 31፥1-5)። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበረ (ሐዋ. 18፥3)። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን «ጸራቢ» ብለው ናቁት፤ ባለማመናቸውም ብዙ ተአምራትን ሳያዩ ቀሩ (ማር. 6፥3-6)። ንቀት የሚጎዳው የተናቀውን ብቻ አይደለም፤ የናቀውም በረከት ያጣል።

የምንሳለመውን መስቀል ያነጠረ፣ የከበሮውን ጠፍር የፋቀ፣ ለብሰነው የምናስቀድሰውን ነጠላ የሸመነ ማን ነው? የእጁን ሥራ ወደ ቤተ መቅደስ አስገብተን ሠሪውን ከማዕዳችን ማራቅ እንዴት ይቻለናል?

በጸበል ቦታ የታመመ ሰው ጮኾ የጎረቤቱን ስም ቢጠራስ? ርኩስ መንፈስ ሐሰተኛ፣ የሐሰትም አባት ነው (ዮሐ. 8፥44)። ስለዚህ ቃሉ በወንድማችን ላይ ምስክር ሊሆን አይችልም። የታመመው እንዲድን እንጸልያለን፤ ጥፋተኛ ፍለጋ ግን ወደ ሰው ቤት አንሄድም።

እንግዲህ ምእመናን፣ ባለ ሙያውን አንጥረኛ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ ብለን በሙያው ክብር እንጥራው። የጅቡን ተረት ለልጆቻችን አናውርስ። ልጆቻችንን ስንድርም ሃይማኖትንና ምግባርን እንጠይቅ እንጂ አጥንት አንቁጠር። እግዚአብሔርን በምናመሰግንበት አንደበት በአርአያው የተፈጠረውን ሰው መርገም እንደማይገባ ሐዋርያው ያዕቆብ አስተምሮናልና (ያዕ. 3፥9-10)።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።