ቁስሉ ሲጠብ ገበያው ሰፋ

የአንጀት ካንሰር የያዘው ሰው ድሮ የሚታከመው ሆዱ በረጅሙ ተቀዶ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች ሐኪሙ የበሽተኛውን ሆድ በጋዝ ነፍቶ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከፍታል። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ቀጫጭን መሣሪያዎች ያስገባና ስክሪን እያየ የታመመውን ክፍል ቆርጦ፣ አንዱን ቀዳዳ ጥቂት አስፍቶ ያወጣዋል።

ይህ ዘዴ በትልቁ አንጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካዋ ማያሚ ከተማ ተሠራበት። ይሁን እንጂ ብዙም ሳይቆይ ካንሰሩ በቀዳዳዎቹ ቦታ ተመልሶ በቀለ የሚሉ ሪፖርቶች ወጡና ሐኪሞች ሥጋት ገባቸው። ጉዳዩ የጠራው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ48 ተቋማት 872 በሽተኞች ላይ በተካሄደ ጥናት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ የተመለሰባቸው በአዲሱ ዘዴ 16፣ በድሮው 18 በመቶ ሆነው ተገኙ። ይህም ልዩነት አለ የሚያሰኝ አልነበረም። የሆስፒታል ቆይታ ከስድስት ወደ አምስት ቀን ወረደ፤ የቀዶ ሕክምናው ጊዜ ግን ከ95 ወደ 150 ደቂቃ ወጣ። እንግዲህ ሆስፒታሉ አንድ የአልጋ ቀን ሲያተርፍ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

ሻጩስ የሚያተርፈው ከምኑ ላይ ነው? ከማሽኑ ይልቅ ከሚያልቀው ዕቃ ላይ ነው። አንጀቱን ቆርጦ የሚሰፋው ስቴፕለር ሲተኮስ ካርትሪጁ ያልቃል፤ ሌላ ይገዛል። ዳ ቪንቺ የተባለውን ሮቦት የሚሸጠው ኢንቱዩቲቭ ሰርጂካል ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከማሽን ሽያጭ ያገኘው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከመሣሪያና ተጓዳኝ ዕቃ ግን 4.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል አስገብቷል። ሮቦቱ መሣሪያው ስንት ጊዜ እንደሠራ ይቆጥራል። የተፈቀደለት ቁጥር ሲሞላ፣ ሒሳቡ እንዳለቀ ስልክ ቀጥ ይላል። መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴም ከማሽኑ ዋጋ በፊት የሚያልቀውን ዕቃ የዓመት ወጪ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከፊንጢጣ በላይ ባለው የአንጀት ጫፍ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ቦታው በዳሌ አጥንት መካከል የጠበበ በመሆኑ እጅ እንደልብ አይዞርም። ሮቦቱ ይረዳል የተባለውም በተለይ እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 በ471 በሽተኞች ላይ የወጣው ጥናት ግን ሥራው ተቋርጦ ሆድ እስከ መቅደድ የተደረሰው በሮቦት 8.1፣ ያለ ሮቦት 12.2 በመቶ መሆኑን ቢያሳይም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ሮቦቱን አሸናፊ አላሰኘውም። ወጪው ግን በሮቦቱ በኩል በልጦ ተገኝቷል፤ ያውም የማሽኑ መግዣና የጥገናው ዋጋ ሳይታሰብ።