ጥርስ ክሊኒክ የምትሠሩ ወገኖቻችን፣ ስለ ሜርኩሪ ይህን እወቁ



ሰሞኑን ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲያችን ላይ የተሳፈረች አንዲት እህት ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ናት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡርም ናት። «ጥርስ የምንሞላበት ብርማ ነገር ሜርኩሪ አለው ይላሉ። አለቃዬን ብጠይቀው ‹ታካሚዎቹ እንኳን ምንም አልሆኑ› አለኝ» አለችን። እኛ ሐኪም አይደለንም። ግን ይሄ ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ስለሆነ አንብበን የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማልጋም የሚባለው ብርማ ሙሌት በክብደት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ የአገራችን ሰው ባዜቃ የሚለው ማለት ነው። የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። ሜርኩሪ እሳት ሳይነካው እዚያው ክፍል ውስጥ ይተናል። ትነቱ ቀለምም ሽታም የለውም። ከተነፈስነው ውስጥ 80 ከመቶ ያህሉ በሳምባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ ከዚያ አንጎልና ኩላሊት ጋ ይደርሳል፣ ወደ ፅንስም ያልፋል።

ታዲያ ታካሚው ተሞልቶለት ይሄዳል። ረዳቷ ግን ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። ትነቱ በብዛት የሚወጣው አማልጋሙ ሲበጠበጥ፣ አሮጌ ሙሌት ሲሰረሰር፣ ትርፍራፊው ክፍት ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ አማልጋም የነካው መሣሪያ በሙቀት ማምከኛ ሲገባ ነው።

መጠኑ በዝቶ ለረጅም ጊዜ ከቆየ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስረሳል፣ ያናድዳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ድካምም እንቅልፍ ስለሚነሳና ስለሚያናድድ በስሜት ብቻ አይታወቅም፤ የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ላይ፣ በሳምንት 30 እና ከዚያ በላይ ሙሌት የሚያዘጋጁ፣ ክሊኒካቸውም ጥንቃቄ የጎደለው ረዳቶች በየወሩ የማርገዝ ዕድላቸው ሜርኩሪ ከማይነኩት 63 ከመቶ ብቻ ነበር። በጥቂቱ የሚሠሩት ላይ ግን ይህ አልታየም። ዋናው ጉዳይ መጠኑና ጥንቃቄው ነው ማለት ነው።

ሕጉስ? ኖርዌይ በ2008፣ ስዊድን በ2009 ከለከሉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 2025 ጀምሮ ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር አማልጋምን አግዷል። አሜሪካ አልከለከለችም። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ወሰን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.1 ሚሊግራም ሲሆን የአውሮፓው 0.02 ነው፤ አምስት እጥፍ ልዩነት! ደግሞ እገዳው አሮጌውን ሙሌት ከሰው አፍ አያወጣውም። አውሮፓ ያላችሁም ለዓመታት ስትሰረስሩት ትኖራላችሁ።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በታሸገ ካፕሱል ብቻ ሥሩ። አሮጌ ሙሌት ሲወጣ ውኃና ኃይለኛ መምጠጫ ይኑር። ተራው የአፍ ጭምብል ብናኝ ቢቀንስም ትነት አያቆምም።

ሁለተኛ፣ ትርፍራፊው ተከድኖ ለብቻው ይቀመጥ። ቆሻሻ መጣያም፣ የሚቃጠለው ቀዩ ከረጢት ውስጥም አይግባ።

ሦስተኛ፣ ሜርኩሪ ከፈሰሰ በመጥረጊያ አትጥረጉት፣ በቫኪዩም ከቶ አትንኩት፤ ትነቱን ቤቱ ሙሉ ይበትነዋል። ማታ ክሊኒክ የምታጸዱ ወገኖቻችን፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው።

አራተኛ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ለሐኪማችሁ ሥራችሁን ንገሩ። አሜሪካ ውስጥ ከሰኔ 2023 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከአቅሙ በላይ ካልሆነበት በቀር ለነፍሰ ጡር ሥራውን ማመቻቸት አለበት። ክሊኒኩ ትንሽ ከሆነ የስቴታችሁን ሕግ ጠይቁ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። ስለ ሥራ ደኅንነት ለኦሻ አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀልም በሕግ የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ይህን አንብባችሁ ደህና የተቀመጠ ሙሌታችሁን ለማስነቀል አትሩጡ። ሲነቀል ነው ትነቱ የሚበዛው።

ለእህታችን ስትወርድ ያልናት ይህን ነው፦ «አለቃሽ ስለ ታካሚዎቹ ልክ ሊሆን ይችላል። አንቺ ግን ታካሚ አይደለሽም፣ ሠራተኛ ነሽ። ነገ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ።» ሜርኩሪ ከሰውነት ቀስ እያለ ይወጣል፤ በሁለት ወር ገደማ ግማሹ ይወገዳል። ስለዚህ ዛሬ የተጀመረ ጥንቃቄ ዋጋ አለው።

ጥርስ ክሊኒክ የሚሠራ ዘመድ ካላችሁ ላኩለት። ሰላም ሁኑ።