የጠገበች ትንኝ ምን ያግዳታል?

ዴንጊን የምታዛምተው ሴቷ ኤዲስ ኤጂፕታይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋን ያስጨነቀችው ትንኝ፣ ደም የምትፈልገው ለእንቁላሎቿ ነው። ክብደቷን የሚያህል ደም ጠጥታ ከተነሳች በኋላ እንቁላሏን እስክትጥል ለቀናት ሰው አጠገቧ ቢተኛ እንኳ አትቀርበውም። ሳትጠጣ እንድትጠግብ ማድረግ ቢቻልስ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ማርክ ክላውደን እና አርደን ሊ ጥጋቧ ሁለት ምዕራፍ እንዳለው አሳዩ። መጀመሪያ የሚያግዳት የሆዷ መወጠር ነው፤ ሆዷ ሲጎድል ደግሞ እንቁላሎቿ እያደጉ ሳለ በሰውነቷ ፈሳሽ የሚዘዋወር መልእክት ይተካዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 የማርክ ብራውን ቡድን አንድ የትንኝ ፔፕታይድ፣ ማለትም መልእክት አመላላሽ ትንሽ ፕሮቲን፣ ደም ላልጠጡ ትንኞች ሲወጋ፣ እንደ ጠገቡት ሆኑ።

ፔፕታይድ ግን የሚቀበለው ፕሮቲን ከሌለ ዋጋ የለውም። በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሌስሊ ቮሻል ቡድን ተቀባዩን አገኘ፤ ጂኑንም አጠፋ። ጂኑ የጠፋባቸው ትንኞች ግን እንደ ማንኛዋም ትንኝ ጠጡ፣ ጠገቡ፣ ሰውን ተዉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ይህን ውጤት እንደ ውድቀት የሚቆጥር ይኖራል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው፦ ሁሉም ጣቱን የቀሰረበት ጂን በጥጋቧ እጁ እንደሌለበት ተረጋገጠ።

ላውራ ዱቫል እና ባልደረቦቿ ፍለጋውን ከሌላ አቅጣጫ ጀመሩ። በሰው ላይ የምግብ ፍላጎትን ከሚቆጣጠሩት አንዱ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ ነው፤ በእሱ ተቀባዮች ላይ የሚሠሩ የውፍረት መድኃኒቶችም ተቀምመው ነበር። ለሰው የተቀመመውን ትንኟን አጠጧት። ሰው ለብሶት የዋለው የናይለን ጨርቅ ሽታ እሷን መሳቡን ተወ! ከዚያ 49 የትንኝ ተቀባዮችን አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ለመድኃኒቱ ምላሽ የሰጠው ኤንፒዋይኤልአር7 የተባለው ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። የዚህን ተቀባይ ጂን ክሪስፐር በተባለው የጂን ማረሚያ ዘዴ ሲያበላሹት መድኃኒቱ አቅም አጣ፤ እውነተኛ ደም የጠጡትም ትንኞች ጥጋባቸው ሳይዘልቅ እንደገና ሰው መፈለግ ጀመሩ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ሴል በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት በዚህ አላበቃም። ከ265 ሺህ በላይ ውህዶችን መርምረው ተቀባዩን የሚያነቁ 24 ለዩ፤ ከእነዚህም ተመራጩ፣ 18ኛው፣ የሰውን አቻ ተቀባዮች አይነካም። ትንኟን አይገድላትም፤ መናከስ ብቻ ያስተዋታል፣ ያውም ለቀናት። አሁን የሚቀረው ውህዱን አጥብቆ ማሻሻልና፣ ከቤተ ሙከራ ውጭ ያለችው ትንኝ በገዛ ፈቃዷ የምትጠጣበትን ዘዴ ማግኘት ነው።