ባለ 10 አሃዙ ብቸኛ ቁጥር

31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ ላይ 1 ብንቀንስ 2147483647 እናገኛለን። ይህን ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም፤ በትምህርት ቤት አጠራር ብቸኛ ቁጥር ነው። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ናቸው ብሎ በዘረዘራቸው መሰል ቁጥሮች ውስጥ አስገብቶት ነበር። ማረጋገጫ ግን አልሰጠም፤ ከዘረዘራቸውም ሁለቱ ኋላ ስህተት ሆነው ተገኝተዋል።

ማረጋገጫው የመጣው በ1772 ከሊዮንሃርድ ኦይለር ነው። ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ነበር፤ ዓይኑም ሊጠፋ ምንም አልቀረው። አንድ ቁጥር ለሁለት አካፋዮች ከተከፈለ ትንሹ አካፋይ ከዳግም ዘሩ አይበልጥም። ስለዚህ እስከ 46340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መፈተን ይበቃል። እነሱም ቢሆኑ ከ4 ሺህ በላይ ናቸው፤ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ቀላል ሥራ አይደለም።

ኦይለር ግን አብዛኞቹን ሳያካፍላቸው ጣላቸው። እንዴት እንደሆነ በትንሽ ምሳሌ እንይ። 11 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ 2047 ይመጣል፤ ይህም 23 ሲባዛ በ89 ነው። ሁለቱም አካፋዮች ለ22፣ ማለትም ለ11 እጥፍ፣ ሲካፈሉ 1 ይተርፋል። ለ8 ሲካፈሉ ደግሞ ከ23 ላይ 7፣ ከ89 ላይ 1 ይቀራል። ይህ አጋጣሚ አይደለም፣ ሕግ ነው። በእኛ ቁጥር ላይ ሕጉ ሲሠራ፣ የ31 እጥፍና የ8 ቅድመ ሁኔታዎች ተጣምረው፣ ብቸኛ የሆነ አካፋይ ቢኖረው ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 ማስተረፍ አለበት። እስከ 46340 እንዲህ ያሉት 400 አይሞሉም፤ ከነሱም ብቸኛ የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው። አንዱም አላካፈለውም።

በ1811 እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው ከዚህ ቁጥር የሚገኘውን ፍጹም ቁጥር (እንደ 6፣ ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ድምር ራሱን የሚሆን) ከዚህ የሚበልጥ ምናልባት ፈጽሞ አይገኝም አለ፤ ምክንያቱም ጉጉት እንጂ ጥቅም የላቸውምና። በ1876 ኤድዋርድ ሉካ ባለ 39 አሃዝ ብቸኛ ቁጥር አረጋገጠ፤ እሱም የራሱን ፍጹም ቁጥር ይዞ መጣ። ጥቅሙም ቢሆን ዘግይቶ ተገኘ። በ1988 ፓርክ እና ሚለር በሰፊው ያስተዋወቁት የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ አንድን ቁጥር በ16807 አባዝቶ ለ2147483647 ያካፍልና ቀሪውን ይወስዳል፤ በቀሪውም ያንኑ ይደግማል። አካፋዩ ብቸኛ ስለሆነና ማባዣው በጥንቃቄ ስለተመረጠ ከ1 እስከ 2147483646 ያሉት ሁሉ ሳይዳረሱ አንድም አይደገምም።

ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ቁጥሩን የሚያውቁት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ኮምፒውተር በ32 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲይዝ አንዱን ቢት ለምልክቱ ይሰጣል፤ በቀሩት 31 ቢቶች የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይኸው ነው። እዚህ ላይ ብቸኛ መሆኑ ምንም አይጨምርለትም። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ባለ 64 ቢቶቹ ስጋት የለባቸውም። ባለ 32 ቢቱ ቆጣሪ የሚሞላው ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ በጥምቀት ዕለት፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ። በቀጣዩ ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥበትና ዕለቱን ታኅሣሥ 4 ቀን 1894፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን፣ አድርጎ ያነበዋል።