ግማሹን ብቻ የሚናገር ሰንጠረዥ

ከሕግ ትምህርት ሳልረሳው የኖርኩት አንድ ነገር ቢኖር የአንድን ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር መሆኑን ነው። በሩጫ ጉዳይ ግን ብዙዎቻችን የምንፈርደው እንዲሁ ነው። የዓመቱን ፈጣኖች ሰንጠረዥ አይተን “እገሌ ይበልጣል” እንላለን።

ምዕራብ ሸዋን እንመልከት። የአምቦው ልጅ ፊጣ ባይሳ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ነሐስ አምጥቷል። የጄልዱው ፈይሳ ሌሊሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ሦስተኛ ወጥቷል።

በቀጣዩ ዓመት የለንደን ኦሊምፒክ መጣ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ በዱባይ አየለ አብሽሮ 2፡04፡23፣ ዲኖ ሰፊር 2፡04፡50 ሮጠዋል። ሚያዝያ ላይ በሮተርዳም ጌቱ ፈለቀም 2፡04፡50 ገብቷል። ለለንደን የተመረጡት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ፤ ፈይሳ አልተመረጠም። ነሐሴ ላይ ግን ሦስቱም ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ወርቁን የወሰደው ዩጋንዳዊው ስቴፈን ኪፕሮቲች ያስመዘገበው ሰዓት 2፡08፡01 ነበር።

ፈይሳ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በቺካጎ 2፡04፡52 ሮጦ ሁለተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ደግሞ በ2፡09፡54 የብር ሜዳሊያ አገኘ። የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ እጆቹን አጣምሮ ያሳየው ተቃውሞ እንኳ በሰዓት ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ይሁንና ያን ቀን የጊንጪና የአምቦ ሰው ያስታወሰው ሰዓቱን አይደለም።

እዚህ ላይ የአሜሪካኖቹ ቤዝቦል አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በዚህ ጨዋታ “ቤዝ መስረቅ” የሚባል ነገር አለ። ወርዋሪው ኳሱን ሊወረውር ሲል ሯጩ ከቆመበት ማረፊያ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ይፈተለካል። ቀድሞ ከደረሰ ሰረቀ ይባላል፤ ሳይደርስ ኳስ የያዘ ተጫዋች ከነካው ከጨዋታው ይወጣል። የወንጀል ሕጋችን የማይደርስበት ስርቆት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1982 የኦክላንዱ ሪኪ ሄንደርሰን 130 ጊዜ ሰርቆ ክብረ ወሰን ያዘ። የሞንትሪያሉ ቲም ሬይንስ በ78 የብሔራዊ ሊጉ መሪ ሆነ። ታዲያ ሰንጠረዡ በዚህ አያበቃም። ከጎኑ የተያዙበትንም ቁጥር ይጽፋል፤ ሄንደርሰን 42፣ ሬይንስ 16። ሄንደርሰን ከአራት ሙከራው በአንዱ ገደማ ተይዟል ማለት ነው። ሬይንስ የሰረቀው ያነሰ ቢሆንም ብዙ ጊዜ አይያዝም ነበር። አሠልጣኝ ማንን መቼ እንደሚልክ የሚወስነው ሁለቱን ቁጥሮች አይቶ ነው።

የእኛ የማራቶን ሰንጠረዥ ይህ ሁለተኛ ዓምድ የለውም። ሯጩ ስንት ጊዜ ጀመረ? ስንቱን ጨረሰ? በሙቀት፣ አሯሯጭ በሌለበት ውድድር ስንተኛ ወጣ? አይነግረንም። በቀዝቃዛ ማለዳ፣ በአሯሯጭ እየተመሩ የተገኘች አንዲት ሰዓት ብቻዋን ትመሰክራለች።

ያቋረጡትን ለመውቀስ አይደለም። 42 ኪሎ ሜትር ማንንም ይጥላል። ነገር ግን ፌዴሬሽኑም ክለቦችም ከሰዓቱ ጎን የተጀመረውንና የተጨረሰውን ቢያወጡ ለተመረጠውም ላልተመረጠውም ፍትሕ ይሆናል። በጎጆ ወይም በጌዶ ከተማ ማለዳ ተነስቶ የሚሮጥ ወጣትም በምን እንደሚመዘን አስቀድሞ ያውቃል። የምርጫ መስፈርት እንደ ሕግ ነው፤ ከፍርዱ በፊት ሊታወቅ ይገባዋል።